ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ የሆነው እንስሳ

(በልጆች መጽሐፍ ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፊት ተቀምጣችሁ እግራችሁን የምታወዛውዙ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገር እንስሳ የለም። አንበሳ ችሎት አይቀመጥም፤ ጦጣም ማንንም አታታልልም። ተረቶቻችንን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን እንስሳቱ በተረት የሚሠሩት ተንኮል የእኛው የሰዎቹ ነው። የእነሱ ጉድ ያለው አካላቸው ላይ ነው።

ጸጉር አልባውን ፍልፈል ተመልከቱ። ሩቅ አገር አይደለም፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከመሬት በታች ይኖራል። ቆዳው የተጨማደደ፣ ዓይኑ ለይስሙላ የተቀመጠ ነው። መልክ ሲታደል እሱ ጉድጓድ ሲቆፍር ነበር ማለት ነው። የሚቆፍረውም በጥርሱ ነው! የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ናቸው፤ ከንፈሩ የሚገጥመው ከጥርሶቹ በስተኋላ ነው። ስለዚህ አፉን ዘግቶ ይቆፍራል፤ አፈር አይቅምም። የታችኞቹን ሁለት ጥርሶች ደግሞ ለየብቻቸው ያንቀሳቅሳቸዋል። ልጆች፣ እስቲ ሞክሩት! (እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።) ይህ አይጥ የሚያክል ፍጡር ከ30 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። ኦክስጅን ጨርሶ በሌለበት አየር ውስጥም 18 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደሚተርፍ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

አንዳንድ ወላጆች ግን የዎምባትን ገጽ ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ዎምባት የአውስትራሊያ እንስሳ ነው፤ ካካው፣ ይቅርታ፣ ዓይነ ምድሩ ባለ ማዕዘን ኩብ ነው። ሥራው የአንጀቱ ነው። የአንጀቱ ግድግዳ አንዱ ጎን ጠንካራ፣ ሌላው የሚለጠጥ በመሆኑ፣ ውስጡ ያለው እየደረቀ ሲሄድ ማዕዘን ያወጣል። ገጹን እንዳወጣው የመከሩኝ ነበሩ፤ አልሰማኋቸውም። ልጅ እየሳቀ ስለ አንጀት አሠራር ከተማረ ምን ጎደለ?

ጃርት እሾኋን ትወረውራለች ሲባልም ሰምታችኋል። አትወረውርም። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኋላ እየተንደረደረች ትወጋለች፤ እሾኹ በቀላሉ ስለሚነቀል በጠላቷ ገላ ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ጅብ ወይም ነብር ቢሆን ያንን ጀርባ ደግሞ ለማየት አይቸኩልም።

አሁን ሁላችሁም እጃችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጉ። ውስጡ 7 አጥንቶች አሉ። የቀጭኔ አንገትስ? እሱም 7 ብቻ! ልዩነቱ የእሷ አንዱ አጥንት ብቻውን ከ25 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ መቻሉ ነው።

በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። መጀመሪያ ልጆች፤ ወላጆች ተራ ጠብቁ።