ዐይኗ ያረፈበት ቁጥር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ባለፈው የጀመርነውን የእንቅልፍ ወሬ ልንጨርስ ነበር፤ ይቆየን። የእህቴ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ሰንብቷል። አዎ፣ ያቺው ታናሿ፣ ሕግ አዋቂዋ።

ለሥራዋ ኮምፒውተር ያስፈልጋታል፤ እጇ ላይ ያለው ገንዘብ አይበቃም። ከባንክ ተበድራ አታውቅም። ክሬዲት ካርድ (ባንኩ እስከ ተወሰነ መጠን በዱቤ የሚያስገዛበት ካርድ) ላውጣ ወይስ ብድር ልውሰድ እያለች ስታወጣ ስታወርድ ከረመችና አብረን ሄድን።

ሠራተኛው ትሑት ሰው ነው፤ ክፉ ነገር ላወራበት አልፈልግም። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ቁጥር ነካ። «በወር የሚጠበቅብዎት ይህች ብቻ ናት» አላት። የካርዱ ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ ነበረች፤ ከዕዳው በየወሩ ቢያንስ መከፈል ያለባት። የእህቴ ፊት በራ። «ይህንንማ እችላለሁ» አለች። ይህ ንግግሯ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። የወለዱ ምጣኔ ከዚያው በታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፤ የተደበቀ ነገር የለም። እስክሪብቶው ግን እዚያ አልደረሰም፤ የእርሷም ዐይን እስክሪብቶው ካረፈበት አልወረደም። «ስንት ያስወጣኛል?» ብሎ ለመጠየቅ የመጣ ሰው በአንድ አፍታ «እችላለሁ ወይ?» ወደሚል ጥያቄ ተሻገረ። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም!

እስቲ እናስላው። ዕዳው 12,000 ይሁን፤ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ፣ በወር 2 በመቶ። የመጀመሪያው ወር ወለድ 240 ነው። ዝቅተኛው ክፍያ የዕዳው 3 በመቶ ቢሆን 360 ትከፍላለች፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 120 ብቻ ነው። ዕዳው ትንሽ ሲያንስ ዝቅተኛው ክፍያም አብሮ ስለሚያንስ፣ በየወሩ ሳታጓድል እየከፈለች ዓመታት ይነጉዳሉ። ብድሩ ግን ማለቂያ ቀን አለው። ያንኑ ገንዘብ በ12 በመቶ ለአንድ ዓመት ብትበደር በወር 1,066 ገደማ ትከፍላለች፤ ጠቅላላ ወለዱ 800 አይሞላም። ወርሃዊው ያስደነግጣል፤ የሚያልቅ መሆኑ ግን ልብ ያሳርፋል።

እዚህ ላይ ብድሩን ይዘሽ ውጪ ልላት ነበር። ግን ብድሩም ራሱን የቻለ ጉድጓድ አለው። ወለዱ በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ሳይሆን እስከ መጨረሻው በመነሻው ገንዘብ ላይ የሚሰላ ከሆነ፣ ያው 12 በመቶ 1,440 ያስከፍላታል። አንድ ዓይነት መቶኛ፣ እጥፍ የሚጠጋ ወለድ! ቀድሞ መክፈል የሚያስቀጣ ውልም አለ። ካርዱ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ ብዙዎቹ ካርዶች የወሩን ሒሳብ በቀነ ገደቡ ሙሉ በሙሉ ለከፈለ ሰው በግዢው ላይ ወለድ አያስቡም። በካርዱ ጥሬ ገንዘብ ካወጣችሁ ግን እፎይታ የለም፤ ወለዱ በአብዛኛው ከዚያው ቀን ይጀምራል።

በነገራችን ላይ፣ በአውሮፓውያኑ 1958 የአሜሪካው ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬስኖ በምትባል ከተማ ላሉ 60,000 ያህል ሰዎች ማመልከቻ ሳያስገቡ ካርድ በፖስታ ልኮላቸው ነበር። በኋላ ቪዛ የተባለው ከዚያ የበቀለ ነው። ያን ፖስታ ሲከፍቱ ምን ተሰማቸው ይሆን እላለሁ። ስጦታ ይመስላል እኮ! እህቴም ካርዱን ያየችው በዚያ ዐይን ነው። የታመነች መሰላት። የሚያናድደኝም የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ አንጀቴን በላችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበደር ሰው የብድር ታሪክ ስለሌለው ወይ ዋስ ይጠየቃል፣ ወይ ወለዱ ይወደድበታል። እንደዚያ ሲገላመጥ የከረመ ሰው ፈገግ ብሎ የሚቀበለው ሲያገኝ ደቃቁን ጽሑፍ አንብብ ማለት ደስታውን መንጠቅ ይመስላል። ግን ካልተነገረውስ?

ደግሞም እኔ የምፈራላት የእኔን ፍርሃት ይሆናል። በሰዓቱ የምትከፍል ልጅ ናት። በሰዓቱ ለሚከፍል ሰው ካርዱ ጥሩ ስም ያስገኛል፤ ለነገው ትልቅ ብድር በር ይከፍታል። ይህንንም ማን ይክዳል?

ለአሁኑ የማዘነብለው ወደ ብድሩ ነው። ዋጋው የታወቀ፣ አንድ ጊዜ የሚገዛ ዕቃ ነው። ችግሩ የብድሩ የአገልግሎት ክፍያ ከሚሰጣት ገንዘብ ላይ ቀድሞ የሚቆረጥ ከሆነ የኮምፒውተሩ ዋጋ አይሞላላትም፤ ለጎደለው ደግሞ ካርዱን ልታወጣ ነው። ወይስ ከፍ አድርጋ ትበደር? ከፍ ካደረገች ወርሃዊው ከደመወዟ ጋር... እንጃ። ይህንን ገና አላሰላነውም።