ኬላ ላይ የቀረችው ጆንያ

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ከጅማ ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው ነው፣ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሱኝ።

ትናንት ቡና እየጠጣን እናቴ የአባቷን በቆሎ አነሳች። ዘመኑ ደርግ ነው። አያቴ ከሰቃ በኩል አንድ ኩንታል በአህያ ጭኖ፣ ከተማ ላሉ ልጆቹ ሊያደርስ ሲመጣ ኬላ ላይ ያዙት። «ኮታህን ሳትሞላ እህል ታወጣለህ?» በቃ፣ ወረሱት። ጆንያው አፉ የተሰፋው በቀይ ክር ነበር። ክሩን ፈትተው ሲያዩ መሬት ወደቀ፣ እሱ አንስቶ ኪሱ ከተተው። ቤት የገባው ያንን ይዞ ነው።

ለማታውቁት፣ ያኔ ገበሬው ለመንግሥት የሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ ኮታ ያስረክባል። ጎጃምና አርሲ ላይማ የግል እህል ነጋዴ ጭራሽ ተከልክሎ ነበር። ምርት የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ አለ። እስቲ አስቡት! ኮታው የቀረው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

«ለምን አልከሰሰም?» አልኳት።

«ማንን? የት?» አለችኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ይቺ መልስ ስትከነክነኝ አደረች። እ.ኤ.አ. በ1942 ሮስኮ ፊልበርን የተባለ የኦሃዮ ገበሬ ጉዳይ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። 11.1 ኤከር ስንዴ ተፈቅዶለት 23 ዘራ፣ ተቀጣ። ከተፈቀደልኝ በላይ የዘራሁት ለከብቶቼና ለቤቴ ነው ብሎ ተከራከረ። ተረታ። ሁሉም እንደሱ ቢያደርግ የአገሩ የስንዴ ዋጋ ይናጋል ተባለ። እኔ ፍርዱ አይዋጥልኝም፣ ግን ሰውዬው ቢያንስ ለምን እንደተረታ በጽሑፍ ተነግሮታል። ህንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የመንግሥት ጎተራ ሞልቶ ሰው ሲራብ የመብት ተሟጋቾች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም የራሽኑ እህል የዜጋው መብት ነው አለ፣ ለተማሪዎችም የበሰለ ምሳ ይሰጥ ብሎ አዘዘ።

ራሽን ይጥፋ እያልኩ አይደለም። እህል ሲጠፋ፣ ራሽን ከሌለ ቀድሞ የሚራበው ድሃው ነው፣ ይሄን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ የሚሰማ ዳኛ አለመኖሩ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ገበሬው ለምርቱ ተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ አንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። ስለዚህ ነገ አንዱ ኬላ ጤፍ የጫነ አይሱዙ አቁሞ «አይወጣም» ቢል፣ በየትኛው ሕግ፣ ማን ፈርሞበት፣ ይግባኙስ የት ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይጠየቅ!

ክሩን ምን አደረገው አልኳት። ሌላ ጆንያ ሰፋበት።

ቤተሰባችሁ ውስጥ ኬላ ላይ እህል የተወሰደበት ካለ ድምፅ ላኩልኝ። እናቴም አብራኝ ልትሰማ ትፈልጋለች።