ልጅ ለተቀበለች እናት የሚገባ ፈቃድ፦ የኅብረት ስምምነቱን ለማደስ በተጠራው የሠራተኛ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ የሥራ አመራር ተወካዮች፣ በዕድሜም በአገልግሎትም የምትቀድሙኝ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤

የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ እንደመሆኔ፣ በሚታደሰው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ስለ ወላጅነት ፈቃድ የቀረቡትን ሐሳቦች እንዳብራራ ማኅበሩ አዞኛል። በአጀንዳው ላይ አራት ነጥቦች ተጽፈዋል። አራቱንም አነሣለሁ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ሰዓት የምወስደው በአንዱ ላይ እንደሆነ ከወዲሁ እነግራችኋለሁ። ያንን ነጥብ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ።

ብዙዎቻችሁ ልጄን ታውቋታላችሁ። በስፌት ክፍል ያላችሁ እናቶች በዓመት በዓል ዝግጅታችን ላይ በየተራ አዝላችኋታል፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ስትገባ ደብተርና እርሳስ ገዝታችሁ የላካችሁላትም እናንተው ናችሁ። ወደ ቤቴ የገባችበትን ሁኔታ ግን በዚህ አዳራሽ ተናግሬ አላውቅም።

ከባለቤቴ ጋር ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ ስናመለክት የተጠየቅነው ማስረጃ ብዙ ነበር። የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ምርመራ ውጤት፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ አቀረብን፤ ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጥታ ጓዳችንን አየች፤ በመጨረሻም ውሉ እንዲጸድቅ ፍርድ ቤት ቀረብን። ከማስረጃዎቹ አንዱ የሥራና የደመወዝ ደብዳቤ ነው። ያንን ደብዳቤ የጻፈልኝ የራሳችን የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። ሠራተኛችን ቋሚ ናት፣ በዚህ የሥራ መደብ ላይ ታገለግላለች፣ ይህን ያህል ደመወዝ ይከፈላታል ብሎ፣ ማኅተሙን አሳርፎ የሰጠኝ ይኸው ድርጅት ነው። ፍርድ ቤቱም ልጅ ለማሳደግ አቅም አላቸው ብሎ ሲወስን ከተመለከታቸው ወረቀቶች አንዱ ያ ደብዳቤ ነበር።

ልጄን ስረከብ የሰባት ወር ሕፃን ነበረች። በማግሥቱ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ቅጂ ይዤ ቢሮ ሄድሁና ፈቃድ ጠየቅሁ። የተሰጠኝን መልስ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ግን አልወለድሽም እኮ። ሕጉ የሚለው የወሊድ ፈቃድ ነው።» ያነጋገረኝ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጦ አሳየኝ። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ተከታታይ ቀናት፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይላል፤ በጉዲፈቻ ልጅ ስለተቀበለች ሠራተኛ የተጻፈ አንድም ቃል የለም። በሕጉ ሊከራከረኝ መብት ነበረው። እኔም የምከራከርበት አንቀጽ ስላልነበረኝ ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

የዓመት ፈቃዴን ወሰድሁ። በዚያን ጊዜ አገልግሎቴ 11 ዓመት ነበር፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ሲታከልበት 21 የሥራ ቀን ይመጣል። ከዚያ ላይ ስምንቱን በቢሮና በፍርድ ቤት ደጅ ስመላለስ ጨርሼው ነበር። የቀረኝ 13 ቀን ነው። ሁለቱን እሑዶች ስጨምርበት ከልጄ ጋር 15 ቀን አገኘሁ።

በእነዚያ 15 ቀናት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጄ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አታለቅስም ነበር። ሊጠይቁን የመጡ ሁሉ «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት!» ይሉ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ሌሊት ተነሥቼ ሳያት ግን በጨለማው ውስጥ ዓይኗን ገልጣ ትጠብቀኝ ነበር። ርቧታል፣ ልብሷ ርሷል፣ ድምፅ ግን የለም። ምሥጢሩን የነገረችኝ ለክትትል የመጣችው ባለሙያ ናት፦ ብዙ ሕፃናትን ጥቂት ሞግዚቶች በሚይዙበት ማሳደጊያ የቆየ ሕፃን፣ አልቅሶ የሚደርስለት ሲያጣ ማልቀሱን ሊተወው ይችላል። «ያለቀሰች ዕለት ደስ ይበልሽ» አለችኝ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት አለቀሰች። ባለቤቴና እኔ እኩል ዘልለን ተነሣን። አነሣኋት፣ ዝም አለች፤ አስተኛኋት፣ አለቀሰች፤ እንደገና አነሣኋት፣ ዝም አለች። እስኪነጋ ድረስ እንዲህ ስናደርግ አደርን። እመጣ እንደሆነ እየሞከረችኝ ነበር፤ እኔም በጠራችኝ ቁጥር መጣሁ። በማግሥቱም ጠራችኝ፣ መጣሁ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ካወቅናት ገና ሳምንት ላልሞላት ሞግዚት ሰጥቻት ወደ ሥራ ገባሁ። ማታ ስመለስ ሞግዚቷ «ቀኑን ሙሉ ድምጿን አላሰማችም» አለችኝ። ያንን ስሰማ በቆምሁበት እግሬ ከዳኝ። ከዚያ በኋላ መልሳ ለማልቀስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀባት።

ያን ሰሞን በጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ለምን ዝም እንዳልሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። መልሱ ይህ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ልጅ ተወልዶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገንፎው ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ አራስ ጠያቂው ይጎርፋል። እኔ ቤት የመጣ ሰው ግን ምን ብሎ እንደሚገባ ይጨነቅ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ እናት፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ገቡና ምንም ሳይጨነቁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። አልወለድሁም እኮ እማማ፣ አልኋቸው። «ልጅ ታቅፈሻል፤ አራስ ነሽ፤ ጠጪ» አሉኝ። ፊደል ያልቆጠሩት እናት በአንድ ቃል የፈቱትን ነገር ነው እኛ በስንት አዋጅ መፍታት ያቃተን።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁት ነበር። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል ወደ ሕግ መጽሐፋችን የገባ ነው፤ በዚያ ባህል በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ከአብራክ ክፋይ አይለይም። በአማራው ዘንድም ጣት ማር ተቀብቶ ልጁ እንዲጠባ ይደረግና የጡት ልጅ፣ የጡት አባት ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ያ ልጅ የሌላ ነው የሚል አይገኝም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አሳዳጊው ልጅ እንደሚቆጠር ደንግጓል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግላቸው፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋሞች እንዲመሠረቱም እንዲያበረታታ ያዝዛል።

በ2010 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ልጆቻችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ ከለከለ። ደገፍሁት፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ጥያቄ አለኝ። የኢትዮጵያ ልጅ በኢትዮጵያ ይደግ ካልን፣ ማን ነው የሚያሳድገው? እኛ አይደለንም ወይ? የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ፣ የመጋዘን ጠባቂው፣ የሽያጭ ሠራተኛዋ አይደሉም ወይ? አገር በሩን ዘግታ፣ ልጆቼን እናንተ አሳድጉልኝ ብላ ስትለምነን፣ የተቀበልነው ልጅ ስሙን እስኪለምድ እንኳ አብረነው የምንቆይበትን ቀን የሚከለክለን ማነው? በፍርድ ቤት ልጄ ናት፤ በውርስ ልጄ ናት፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ልጄ ናት፤ በፈረቃ መቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ ብቻ የማንም ልጅ አይደለችም! ይህን የመሰለ ነገር በዚህ ስምምነት ውስጥ ሌላ ሦስት ዓመት እንዲቆይ በፊርማዬ አላጸድቅም።

የሥራ አመራሩ ተወካዮች በቅድመ ውይይቱ ላይ ያነሡትን ክርክር አልዘለውም። የወሊድ ፈቃድ የእናትየው አካል እንዲያገግም የሚሰጥ ነው፤ ያልወለደች ሴት የምታገግመው ነገር የለም፣ ተብሏል። ግማሹ እውነት ነው። ስለዚህም ነው ከወሊድ በፊት የሚሰጠውን 30 ቀን ያልጠየቅነው። ሆኖም ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 60 ቀን እንደነበረ፣ በ2011 ወደ 90 ከፍ እንዳለ እናስታውስ። የኢትዮጵያ ሴት ቁስል የሚድንበት ጊዜ በ15 ዓመት ውስጥ በ30 ቀን አልረዘመም። ቀኑ የተጨመረው ሕፃኑ እናቱን ስለሚፈልግ ነው። ያ ፍላጎት በልጄ ላይ ከማንም ሕፃን ያነሰ አልነበረም፤ ከእኔ በፊት ሰባት ወር ሙሉ የጠበቀች ልጅ ናትና እንዲያውም ይበልጥ ነበር።

ስለ ወጪው የተነሣውንም እመልሳለሁ። በአገራችን የወሊድ ፈቃድ ደመወዝን ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው አሠሪው እንደሆነ እናውቃለን፤ ይህ ሸክም በማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ቢደገፍ ለሴቶች መቀጠርም እንደሚበጅ አምናለሁ፤ የዚያ ውይይት ቦታው ግን ሌላ ነው። እኔ በዚህ ድርጅት በቆየሁባቸው 17 ዓመታት በጉዲፈቻ ልጅ የተቀበለ የማውቀው ሠራተኛ፣ እኔን ጨምሮ ሦስት ነው። የሦስት ሰው የ90 ቀን ደመወዝ በ17 ዓመት ውስጥ ይህን ድርጅት አያናጋውም። ሕጉ ዝም ስላለ አንችልም የሚለውም አያስኬድም፤ አዋጁ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን ነው፤ የኅብረት ስምምነት ከዚያ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል፤ ለዚያ ነው የምንደራደረው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የሥራ ሕጓን አሻሽላ ልጅ በጉዲፈቻ ለሚወስድ ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የአንድ ወር ፈቃድ ጽፋለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው 191ኛው የውሳኔ ሐሳብ፣ ጉዲፈቻ በሕግ በሚታወቅባቸው አገሮች አሳዳጊ ወላጆች የእናትነት ጥበቃው ተጠቃሚ እንዲሆኑ መክሯል።

ወደ ቀሪዎቹ ሦስት ነጥቦች ልለፍ።

የአባቶች ፈቃድ በአዋጁ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። እባካችሁ አንቀጽ 81ን አንብቡት፤ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ የተሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ነው፤ ልጅ ለተወለደለት የተሰጠው ግን ሦስት ተከታታይ ቀን ነው፤ እሑዱም ይቆጠርበታል። በመቁረጫ ክፍል የሚሠራ ወንድማችን ባለቤቱ ዓርብ ዕለት በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ ሰኞ ጠዋት እርሱ ማሽኑ ላይ ነበር፣ እርሷ ገና ሆስፒታል ነበረች። ለወለደችውም ሆነ በጉዲፈቻ ለተቀበለችው ሴት ባል 10 የሥራ ቀን እንዲሰጥ ጠይቀናል።

የሕፃናት ማቆያን በተመለከተ ያለፈው ስምምነት «እንደ ሁኔታው ይታያል» ይላል። ሦስት ዓመት ታየ። አሁን ክፍሉ፣ የሞግዚቶቹ ቁጥርና የሚከፈትበት ወር ይጻፍልን።

ከፈቃድ የተመለሰች ሠራተኛ ወደ ነበረችበት መደብና ፈረቃ እንድትመለስ የሚለው አራተኛው ነጥብ የሥራ አመራሩም የተቀበለው ስለሆነ አላደክማችሁም።

ሰኞ ድርድሩ ይጀመራል። ያቀረብነው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በፍርድ ቤት በጸደቀ ጉዲፈቻ የተቀበለች ሠራተኛ፣ ሕፃኑን ከተረከበችበት ቀን ጀምሮ ደመወዝ የሚከፈልበት 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ታገኛለች።» ስለ ዕድሜው ጣሪያ በኮሚቴው ውስጥ ተከራክረናል፤ እኔ የሦስት ዓመት፣ የአራት ዓመት ልጅም ይህን ጊዜ ይፈልጋል የሚል አቋም አለኝ፤ ጉባኤው ጣሪያው ይነሣ ካለ በደስታ አነሣዋለሁ። በዚህ ዓመት በስፌት ክፍል አንዲት እህታችን የፍርድ ቤት ቀጠሮ እየጠበቀች ነው። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምናገረው። የሥራና የደመወዝ ደብዳቤዋ ባለፈው ወር ተጽፎላታል፤ ማኅተምም አርፎበታል።

ረቂቁ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የምትስማሙ ፈርሙበት፤ የማታ ፈረቃ ያላችሁ እስከ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ድረስ በማኅበሩ ቢሮ ታገኙኛላችሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።