ከሶማሌ ተራ እስከ ኪሪንያጋ ሮድ፦ የትኛውን ዕቃ ከየት?

ሜሮን፦ ከፒያሳ ነው የምናወራችሁ። በራሳችሁ መኪና ናይሮቢ ልትወርዱ ነው እንበል። ሔኖክ፣ ሞያሌን አልፈን መኪናው ቢቆምስ?

ሔኖክ፦ መኪናውን እንወስንና እንቀጥል። ላንድክሩዘር 79 ይሁን፣ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ፣ 4.2 ሊትር ናፍታ። ሞተሩን ኬንያም ያውቁታል። ስለዚህ ፖምፓ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ ከዚህ ተሸክሞ መሄድ ጎማን በከንቱ ማስጨነቅ ነው።

ሜሮን፦ ታዲያ ከሶማሌ ተራ፣ ከመርካቶው የመለዋወጫ ገበያ፣ ምን ይገዛ?

ሔኖክ፦ ከመሪ ጋር የተያያዘውን። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፣ መሪያቸው በቀኝ። የመሪ ሳጥኑ፣ ከሱ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ የዝናብ መጥረጊያው ማንቀሳቀሻ፣ የፊት መብራቱም ቢሆን ከኛ ይለያል። ሞዴሉ ላይ ከ79 ቀጥሎ ያለውን ፊደል እዩ፤ ኤል ከሆነ የግራ መሪ፣ አር ከሆነ የቀኝ።

ሜሮን፦ መብራቱን ካነሳህ አይቀር፣ የኛ መብራት ዝቅ ሲልም ወደ ቀኝ ከፍ ስለሚል እዚያ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ድንበር ላይ የሚወረውርበትን ጥግ በቴፕ ሸፍኑት።

ሔኖክ፦ ሁለተኛው፣ የቺንጋው ነገር። የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የቫልቩን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ከተጠጋ እዚሁ ቀይሩት፤ እሱን የሚወጥረውን ኩሽኔታም አብራችሁ። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ፒስተኑ ከቫልቩ ይጋጫል፣ ያኔ የሚፈለገው መለዋወጫ ሳይሆን ሞተር ነው። የናፍታ ፊልትሮ ሁለት ያዙ።

ሜሮን፦ አሁን ኩሽኔታ አልክ። ናይሮቢ ገብተህ ኩሽኔታ ብትል ማን ይሰማሃል?

ሔኖክ፦ ማንም! ጣሊያን ለኛ ትቶልን የሄደው ስም ሞያሌ ላይ ያበቃል። ኩሽኔታ ቤሪንግ ነው፣ ፍሪሲዮን ክለች፣ ካምቢዮ ጊርቦክስ፣ ባሌስትራ ሊፍ ስፕሪንግ፣ ጓርኒሲዮን ጋስኬት። መካኒኩ በስዋሂሊ ፈንዲ ይባላል። ጁአ ካሊ ከተባላችሁ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ የሚሠሩት ባለሙያዎች ናቸው። ብየዳና ቅጥቀጣ ላይ እጃቸው አይታማም።

ሜሮን፦ የጎማው ኩሽኔታ ሲበላሽ በምን ይታወቃል?

ሔኖክ፦ ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ ላይና ታቹን ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ ወይ ላልቷል ወይ ተበልቷል። ቆማችሁ ስትነኩት አንዱ ቸርኬ ከሌላው ተለይቶ የሚያቃጥል ከሆነም ያው ነው፤ ፍሬኑ ይዞት እንዳይሆን ግን አጣሩ። ሲቀየር የውስጡን ብቻ አስገብተው የውጪውን ቀለበት አሮጌውን ይተዉታል። እንዳትስማሙ! አሮጌው ቀለበት የተጎዳ ፊት ስላለው አዲሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ቅባት መያዣውን ላስቲክም አዲስ አድርጉ።

ሜሮን፦ ፎርጅዱንስ?

ሔኖክ፦ ናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድ ላይ መለዋወጫ ከዳር እስከ ዳር ነው፣ ፎርጅዱም አብሮ አለ። ካርቶኑን አትመኑ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ፎቶ አንስታችሁ ስልክ ላይ ያዙ፤ በሞያሌና በናይሮቢ መካከል ያለችው ማርሳቢት ላይ ብትቆሙ ናይሮቢ ላለ ሻጭ የምትልኩት እሱን ነው። ገንዘቡን በኤምፔሳ፣ ዕቃውን በአውቶቡስ። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ግን ቢያንስ አንድ አዳር ጠብቁ።

ሜሮን፦ ባሌስትራ ከተሰበረ?

ሔኖክ፦ ከተደራረቡት ብረቶች አንዱ ቅጠል ብቻ ከሆነ ጭነት አራግፋችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ዋናው ቅጠል ከሆነ ግን አክሰሉ ከቦታው ሊሸሽ ስለሚችል አትንዱት። ከተጠገነ በኋላ ደግሞ አክሰሉን የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። ቅጠሎቹ ሲቀመጡ ዳዶው ይላላል፤ ያንን ሳያዩ ሲነዱ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የያዘው የመሀሉ ብሎን ይቆረጣል።