ሳል፣ ፓፍና የልጆች ጥርስ፦ የአድማጮች ጥያቄና የሕፃናት ሐኪሙ መልስ

ከደብረ ብርሃን የደወሉ እናት፦ «የ6 ዓመት ልጄ አስም ስላለበት ጠዋትና ማታ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የሚነፋ መድኃኒት) ይወስዳል። ሰሞኑን ምላሱ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበታል፤ ጥርሱም እየተበላ ነው። ፓፉን ላቋርጥበት?»

እህቴ፣ እባክዎ አያቋርጡ። አስሙ ከተነሳበት አደጋው ከጥርሱ ይበልጣል። በየዕለቱ የሚወሰደው ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ ስቴሮይድ አለበት። የታሰበው ለሳንባ ቢሆንም ብዙው ጉሮሮና ምላስ ላይ ይቀራል፤ እዚያም ፈንገስ እንዲራባ ያመቻል። ያዩት ነጭ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ጤና ጣቢያ ያሳዩት፣ በቀላሉ ይታከማል።

ጥርሱን የሚጎዳው ደግሞ የምራቅ ማነስ ነው። አንዳንድ የአስም መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ፤ አፍንጫው የታፈነ ልጅም ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ያድርና አፉ ደርቆ ይነጋል። ምራቅ የሌለው አፍ እንዳልታጠበ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ፓፉን ጥርሱን ከማጽዳቱ በፊት ይስጡት። ወዲያው በውሃ ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ ከዚያ በአተር ፍሬ ልክ የጥርስ ሳሙና ጥርሱን ያጽዱለት። በ6 ዓመቱ ብቻውን አይችልም፤ እጅዎን ይጨምሩበት። ፓፉን አፉ ውስጥ በቀጥታ ከሚነፉበት በመያዣ (በፓፉና በልጁ አፍ መካከል በሚገባው ባዶ ዕቃ፣ «ስፔሰር») ቢሰጡት መድኃኒቱ ይበልጥ ሳንባው ይገባል፣ አፉ ላይም ያነሰ ይቀራል። መያዣው ከጠፋ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ መጠቀም ይቻላል። ባለሙያ አንድ ጊዜ ያሳይዎት።

ከወልድያ የደወሉ አያት፦ «የ8 ወር የልጅ ልጄን ሳል አልለቀው አለ። እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ ይሉናል።»

አባቴ፣ በፍጹም እንዳይነካ! ሳሉ የሚመጣው ከእንጥሉ አይደለም። ምላጩ ደም ያፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ደሙም ወደ መተንፈሻው ሊወርድ ይችላል። የሕፃን የወተት ጥርስ በባህል ማስነቀልም እንዲሁ አደገኛ ነው። ይልቅ ሕፃኑ ጸጥ ሲል ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። 50 ከደረሰ ወይም ካለፈ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ጡት መጥባት ካቃተው ሳይቆጥሩ ይሂዱ።

ከአዲስ አበባ የደወለች እናት፦ «ጥርስ ማጽዳት የሳንባ ምችን ይከላከላል ሲባል ሰማሁ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ በደንብ መዋጥ አትችልም።»

ለጤነኛ ልጅ ዋናው መከላከያ ክትባትና ከከሰል ጭስ መራቅ ነው። ለአንቺ ልጅ ግን ነገሩ እውነት ነው። መዋጥ የሚያቅተው ልጅ ምራቁ ወደ ሳንባው ያመልጣል፤ ጥርሱ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ያዘለው ተህዋስም አብሮት ይገባል። በቱቦ የሚመገቡ ልጆችም ቢሆኑ አፋቸው መጽዳት አለበት። ቀና አድርገሽ አስቀምጫት፣ አንገቷን በትንሹ ወደ ፊት ዘንበል አድርጊ። ብሩሹን በሩዝ ፍሬ ልክ ሳሙና ብቻ አስነኪው፤ አረፋውን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ እየጠረግሽ አውጪው እንጂ ውሃ አታፍስሺባት።