ውሃ የገባበት ባለሁለት ቱቦ ሬጉሌተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከኢላት የደወሉ አድማጭ፦ «እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራ ባለሁለት ቱቦ የስኩባ ሬጉሌተር፣ ማለትም ጠላቂ ውሃ ውስጥ ከሲሊንደር አየር የሚስብበትን መሣሪያ፣ አሳድሼያለሁ። እንደ አዲሶቹ ተጭኜ ውሃ የማስወጣበት ቁልፍ ግን የለውም። ምን ላድርግ?»

ቁልፉ ሰውነትዎ ነው። በቀኝ ትከሻ የሚመጣው ቱቦ አየር ያመጣል፤ በግራ የሚሄደው የተነፈሱትን ይወስዳል። ስለዚህ ውሃውም መውጫው በግራ ነው። መጀመሪያ የማውዝፒስዎን፣ በአፍ የሚነከሰውን ክፍል፣ ዓይነት ይለዩ። ቱቦዎቹን ነቅለው እፍ ሲሉ አየሩ በግራ ብቻ ከወጣ፣ ሲስቡም በቀኝ ብቻ ከገባ፣ በሁለቱም በኩል ስስ የጎማ ቫልቭ አለው። ይህኛው አያስቸግርም፤ ነክሰው አንዴ ጠንከር አድርገው እፍ ማለት ይበቃል።

የጥንቶቹ ቫልቭ ስለሌላቸው ውሃው ሁለቱንም ቱቦ ይሞላል። ውስጡ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙ የማያንስ። ይህ በትንታ የሚያልፍ መጠን አይደለም። በግራ ጎንዎ ይጋደሙ፣ ቀኝ ትከሻ ወደ ላይ ይሁን። በቀኙ ቱቦ ያለው ውሃ በማውዝፒሱ አልፎ ወደ ግራው እስኪወርድ ትንሽ ይጠብቁ፣ ከዚያ በኃይል እፍ ይበሉ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ያዛባል፤ እፍ ብሎ ይጨርስና ከዚያ ይጋደማል። ያኔ በቀኙ ቱቦ የቀረው ውሃ በሚቀጥለው ትንፋሽ ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያውን አየር ምላስዎን ወደ ላንቃ አስጠግተው ቀስ ብለው ይሳቡ፤ የቀረ ጠብታ ካለ ምላስ ላይ ያርፋል። ሲንቦጫረቅ ከሰሙ ይድገሙት።

ሌላ አድማጭ፦ «ማውዝፒሱን ከአፌ አውጥቼ ከፍ ሳደርገው አየሩ ዝም ብሎ ይንፎለፎላል። ተበላሽቶ ነው?»

ደህና ነው። አየሩን የሚያዘው ዲያፍራም፣ በግፊት የሚንቀሳቀሰው ስስ ሽፋን፣ ያለው ከአንገትዎ ጀርባ፣ በክቡ ሳጥን ውስጥ ነው። ማውዝፒሱ ከእሱ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል ዙሪያው ያለው ግፊት በ10 ሚሊባር ያህል ይቀንሳል፤ ዲያፍራሙም ሰው አየር የሳበ ስለሚመስለው ይከፍታል። ይህን ዓይነት ሬጉሌተር ከፈለሰፉት አንዱ የሆነው ዣክ ኢቭ ኩስቶም እ.ኤ.አ. በ1943 በፈረንሳይ ማርን ወንዝ ከሌላው ፈልሳፊ ከኤሚል ጋኛን ጋር ሲሞክረው የገጠመው ይኸው ዓይነት ችግር ነበር፤ ቀጥ ሲል አየሩ ይፈሳል፣ ሲዘቀዘቅ ይከብዳል። መፍትሔው የትንፋሽ መውጫውን ከዲያፍራሙ አጠገብ ማድረግ ሆነ። ግራው ቱቦ ወደ ኋላ ዞሮ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ይህን መንፎልፎል ይጠቀሙበት። ማውዝፒሱ ከጠፋብዎ በጀርባዎ ይጋደሙ፤ ከፊትዎ በላይ ተንሳፍፎ አረፋ ይተፋል። ይያዙት፣ አፉን ወደ ታች ያዙሩት፣ አየሩ ውሃውን ገፍቶ ያወጣዋል። እየፈሰሰ ሳለ ነክሰው በግራ ጎን ይዙሩና እፍ ይበሉ። ሳንባዎ ባዶ ሆኖ የሚነፉት አየር ባይኖርዎትም ይህ ይሠራል። ብቻ ትንፋሽ አምቀው ወደ ላይ አይውጡ፤ ልምምዱም ጥልቀት በሌለው ገንዳ፣ ሌላ የአየር ምንጭ የያዘ ጓደኛ አጠገብዎ ሆኖ ይሁን።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ «አጽድቼው ውሃው ተመልሶ ይመጣል።»

እንግዲያው ቀዳዳ አለ። ከውሃ በፊት ሲሊንደሩን ዘግተው የቀረውን አየር ስበው ይጨርሱ፤ ቀጥለው ሲስቡ ጥብቅ ብሎ መቅረት አለበት። አየር ከመጣ ቱቦዎቹን ነቅለው አንዱን ጫፍ በመዳፍ ይድፈኑ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክረው በሌላው ጫፍ ይንፉ። ሲነፉ ይለጥጡት፤ የመርፌ ቀዳዳ የሚያክለው ስንጥቅ የሚደበቀው እጥፋቱ ሥር ነው። ቱቦው ደህና ከሆነ የማውዝፒሱን ማሰሪያዎችና ዲያፍራሙን ይመልከቱ።

የዳክዬ ምንቃር የሚመስለውን የመውጫ ጎማ በዚህ ሙከራ አይመኑት፤ ባለቫልቭ ማውዝፒስ ስለሚሸፍንለት ሳጥኑን ከፍቶ በዓይን ማየት ነው። ሁለቱ ከንፈሮች ገጥመው መተኛት አለባቸው። ጫፉ ከተጠቀለለ ወይም ከደረቀ መለወጥ እንጂ መጠገን የለም፤ አንዳንዴ ግን ችግሩ በመካከሉ የተቀረቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ናት።

ቫዝሊን ይቀባ ወይ ለተባለው፣ አይቀባም። የነዳጅ ቅባት ተፈጥሯዊ ጎማን ያሳብጣል። የሲሊኮን ግራሶ ይጠቀሙ፣ እሱንም በስሱ። ከባሕር ሲወጡ የአየር መግቢያውን ከድነው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት፤ ማውዝፒሱ ወደ ታች ሆኖ፣ ቱቦዎቹ ሳይታጠፉ፣ ጥላ ውስጥ ይንጠልጠል።