ከጠርዙ የሚያረጅ ሳንቲም

ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ የሳንቲም ስብስብ ወዳጆች፣

ዛሬ ስለ አንድ ርካሽ ሳንቲም እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ርካሽ ያልኩት በገበያ ዋጋው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የተቀረጸው የአረብ ብረት አንድ ሴንት ከብዛቱ የተነሳ ዛሬም ያለ ብዙ ድካም ይገኛል። እኔ ግን ከብር ማዕድን ከተሠሩት ገንዘቦቼ ሁሉ ይልቅ አዘውትሬ የምመረምረው እሱን ነው፤ ምክንያቱም እንዴት እንደተሠራ በአረጃጀቱ የሚናገር እንደ እሱ ያለ ሳንቲም አላየሁም።

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ መዳብ ለጥይት ቀለሃና ለመገናኛ ሽቦ እጅግ ተፈላጊ ስለሆነ፣ እስከዚያ አብዛኛው መዳብ ከሆነው ነሐስ ይሠራ የነበረውን ሳንቲም በሌላ ማዕድን መተካት ግድ ሆነ። በ1943 ዓመት የፊላደልፊያ፣ የዴንቨርና የሳን ፍራንሲስኮ ማምረቻዎች በድምሩ ከ1.09 ቢሊዮን በላይ የብረት ሴንት ቀረጹ። በፊቱ ከ1909 ጀምሮ የኖረው የአብርሃም ሊንከን ምስል፣ በጀርባውም ሁለቱ የስንዴ ዘለላዎች እንደነበሩ ቀሩ፤ ክብደቱ ግን ከ3.11 ግራም ወደ 2.7 ግራም ገደማ ወረደ።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የብረቱ ሉህ በሁለቱም ገጹ ስስ ዚንክ ተለበጠ፤ ክቡ ጥፍጥፍ ከሉሁ እየተቆረጠ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሳንቲሙ ፊትና ጀርባ ዚንክ ሲለብሱ ዙሪያው፣ ማለትም ጠርዙ፣ እርቃኑን ቀረ። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት የኬሚስትሪ መጽሐፍ አያስፈልገውም። የቤታችን ቆርቆሮም ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ዝገቱም የሚጀምረው ከመሃሉ ሳይሆን በመቀስ ከተቆረጠው ዳርና ሚስማር ከበሳው ቀዳዳ ነው። ዚንክና ብረት ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው ቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ነው፤ ራሱን እየሰጠ ብረቱን ያቆየዋል። ይህ በጣራ ላይ ለብዙ ዓመታት ይሠራል። የሳንቲሙ ልብጥ ግን እጅግ ስስ ነው፤ ያውም ጨው ያለበት የእጅ ላብ በየቀኑ ያገኘዋል፣ በኪስና በመሳቢያ ውስጥም ከሌሎች ሳንቲሞች ጋር ይፋተጋል።

እርጅናው ደረጃ አለው። ከማምረቻው ሲወጣ ነጭና አንጸባራቂ ስለነበር ሰዎች ከብር ማዕድን ከተሠራው አሥር ሴንት ጋር ያምታቱት ነበር። እጅ ለእጅ ሲዘዋወር ብርሃኑ በፍጥነት ይጠፋል፤ ዚንኩ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ተዋህዶ አመድማ ይሆናል፣ ቀጥሎም ወደ ጥቁረት ይሄዳል፣ በእርጥብ ቦታ የተቀመጠው ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል። ዚንክ ለስላሳ በመሆኑ ጎላ ብለው ከተቀረጹት ቦታዎች፣ ከሊንከን ጉንጭና ከስንዴው ፍሬዎች ላይ፣ ቀድሞ ይለቃል። ከዚህ በኋላ የብረቱ ተራ ይመጣል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ በልብጡ ሥር እያበጠ ይገፋዋል፤ ፊቱ በትናንሽ እብጠቶች ይሸፈናል፣ እብጠቱ ሲፈነዳም ጉድጓድ ይቀራል፣ ጠርዙም ቡናማ ቀይ ይሆናል። እንግዲህ ይህ ሳንቲም በመፋተግ ብቻ አያልቅም፤ ይበላል።

ከመዳብ ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ ይጎላል። 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመዳብ ሳንቲሞች ከተቀረጹባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የፊላደልፊያ ማምረቻ ነው። ብዙዎቻችን በወላጆቻችን ቤት አይተናቸዋል፦ ምስላቸው እስኪለሰልስ ድረስ ተዳስሰዋል፣ ጠይመዋል፣ አካላቸው ግን ሙሉ ነው። የመዳብ ወዝ፣ ማለትም በላዩ የሚፈጠረው ጠይም ሽፋን፣ ከማዕድኑ ጋር ተጣብቆ ይጠብቀዋል፤ የብረት ዝገት ግን እየተፈረፈረ ለሚቀጥለው ዝገት መንገድ ይከፍታል።

ካናዳም እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሥራ ሁለት ጎን ያለውን አምስት ሴንቷን ከአረብ ብረት ሠርታ ኒኬልና ክሮም ለብጣዋለች። እዚያም ልብጡ ከመቆረጡ በፊት የተደረገ በመሆኑ ጠርዙ ተጋልጧል፤ አረጃጀቱ ግን ሌላ ነው። ክሮም ጠንካራ ስለሆነ ፊቱ ዛሬም እንደ መስታወት ሊያበራ ይችላል፤ ሆኖም ክሮምና ኒኬል እንደ ዚንክ ራሳቸውን ለብረቱ አይሰጡም፣ ልብጡ በተከፈተበት ሁሉ የሚበላው ብረቱ ነው። ስለዚህ ፊቱ የሚያበራ፣ ዙሪያው የዛገ የካናዳ አምስት ሴንት ስታገኙ አትደነቁ። ዛሬ ጥንቃቄው ተለውጧል፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በምታወጣቸው የአንድና የሁለት ፔንስ ሳንቲሞች ጥፍጥፉ አስቀድሞ ይቆረጥና መዳቡ በኋላ ስለሚለበጥ ጠርዙም ይሸፈናል።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በገበያ ላይ እንደ አዲስ የሚያበሩ ብዙ የ1943 ሴንቶች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የዛገው ልብጣቸው በአሲድ ተገፎ እንደገና ዚንክ ወይም ክሮም የተለበጡ ናቸው። በአጉሊ መነጽር ብታዩዋቸው የሊንከን ፀጉር ደብዝዟል፣ የፊደሎቹ ዳር ሟሙቷል፣ ብርሃኑ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። ያረጀ ቅርጽና አዲስ ብርሃን ባልተነካካ ሳንቲም ላይ አብረው አይገኙም። በእኔ ግምት ከእንዲህ ያለው ይልቅ ጠቁሮ የተገኘው፣ ማንም ያልነካካው ሳንቲም ይበልጣል፤ የኖረበት ዘመን ምስክር እዚያ ጥቁረት ውስጥ ነውና። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ እነዚህን ሳንቲሞች በሆምጣጤም ሆነ በሎሚ አታጽዱ፤ አሲዱ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን የተረፈውን ዚንክ ጭምር ይወስዳል። ደረቅ ቦታ አስቀምጧቸው፣ በባዶ እጅም ፊታቸውን አትንኩ።

በጠረጴዛው ላይ ስድስት የ1943 ሴንቶችን ከነጩ እስከ ጥቁሩ በተራ አስቀምጫለሁ፤ አንደኛው እንደገና የተለበጠ ነው። ጓንትና አጉሊ መነጽር አጠገባቸው አለ። የትኛው እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ሁሉንም በጎናቸው አቁማችሁ ጠርዛቸውን ተመልከቱ።